ትንሽ ተዪልኝ

ሃማር፣ በምዮሳ ሐይቅ ዳር፣ የካቲት ማለዳ፤
ጣራው የተደፋ ጀልባ ይመስላል የበረዶው አዳራሽ፤
እኔ ግን ያለሁት ከታች፣ በጓዳ፣
መስኮት በሌላት ክፍል፣ ካንድ ጠረጴዛ ጋራ፣
ካፉር ከሚሸት ጠርሙስ፣ ካረጁ ፎጣዎች ተራ።

ስሜ ቱርዲስ ነው። ስልሳ አንድ ዓመቴ።
ወጌሻ ሳልሆን በፊት፣ በወጣትነቴ፣
ስቮልቨር ወደብ ላይ ዓሣ ስሰነጥቅ ኖሬ
ሥጋን በጣት ማንበብ ለምዶብኛል እስከ ዛሬ።
አጥንቱ የት እንዳለ ቢላው ሳያሳየኝ
አውራ ጣቴ ነበር ቀድሞ የሚነግረኝ።

ሲኖቨ ገባች። "ደኅና ነኝ" አለች፣ ሳልጠይቃት ገና።
ስለ አሠልጣኙ ኮፍያ፣ ስለ ቁርሱ ገንፎ፣
ስለ ድመቷ አመል አወራች፤ ሳቀችና
በደረቷ ተኛች፣ ፊቷ በጠረጴዛው ቀዳዳ አልፎ
ወለሉን እያየ።
እኔም ዘይቱን በመዳፌ አሙቄ
ከቁርጭምጭሚቷ ጀመርኩ፣ ቀስ ብዬ፣ ተጠንቅቄ።

አፍ ይዋሻል። ፊትም ይማራል መዋሸት።
ባት ግን አያውቅበትም፤
እንደ ሕፃን ነው፣ የቤቱን ጉድ የሚያወራ ለጎረቤት።
ግራ ባቷ ነገረኝ፦ ሌሊቱን አልተኛችም።
ቋንጃዋ ነገረኝ፦ ያን የምታወራለትን ገንፎ
ከሁለት ማንኪያ በላይ አልቀመሰችም።
ታፋዋ ደግሞ ያቺን አምና የወደቀችባትን መታጠፊያ፣
የመጨረሻዋን፣ እንደ ቡጢ ጨብጦ ይዞ፣
ደርቆ፣ ደንዝዞ፣
"አልለቅም" ይላል።

እዚያ ቆየሁ።
ቋጠሮን በጉልበት የሚፈታ ክሩን ይበጥሳል፤
ሥጋም እንደ ሰው ነው፣ ዝም ሲሉት ይናገራል።
ስድስት ትንፋሽ ቆጠርኩ። ሰባት። በስምንተኛው
ከጣቴ ሥር አንድ ነገር ተንቀጠቀጠ፣ ላላ፤
ከቀዳዳው በታች፣ ከጫማዬ አጠገብ፣ በሲሚንቶው
አንዲት ጠብታ ወደቀች። ቀጥላም ሌላ።

እንዳላየ ሆንኩ። የታጠፈውን ፎጣ ደግሜ አጠፍኩ።
ከጠረጴዛው ሥር መጣ ድምጿ፦

"ቱርዲስ፣ ሁሉን አትፍቺው።
አምና እኮ ላልቼ ነበር፣ እንደ ለብ ያለ ውሃ፤
ደወሉን ስሰማ እንኳ አልደነገጥኩም፤
መታጠፊያዋ ስትመጣ እግሬ ሕልም ያይ ነበር።
ትንሽ ተዪልኝ።
የሚያነቃኝን ያህል።"

እጄ ቆመ።
አምና ያሸኋት እኔ ነበርኩ፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፤
"እንደ ቅቤ አቀለጥኩሽ" ብዬ ኮርቼ፣ ሙያዬን ሳይ።
ዓመት ሙሉ ይህን አልነገረችኝም።
ዓመት ሙሉ እኔም በረዶውን፣ ጫማዋን፣ ዕድሏን አማሁ፤
የገዛ እጄን ግን አንድ ቀን እንኳ መቼ ጠረጠርሁ?
ደግሞ እኮ አውቀዋለሁ! በዚያ ወደብ፣ በዚያ ብርድ፣
ጣቱን ያጣ የነበረው ቢላ የፈራው አልነበረም፤
መፍራቱን የተወው እንጂ።

በቀኝ ታፋዋ ጠርዝ፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል
አንዲት ቋጠሮ ቀርታለች። አውራ ጣቴ ደረሰባት፤
ለዓመታት እንደለመደው ሊጫናት ሲል
ዳሰሳት፣
ተዋት።
ፎጣውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረግኩ። "ሂጂ" አልኳት።
አመሰገነች? እንጃ። በሩ ነው የመለሰልኝ።

እኔ ውድድር አላይም። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንዴም እንኳ።
ጠርሙስ እከድናለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ፣
ከራሴ በላይ የሕዝቡ እግር ሲያንጎደጉድ እሰማለሁ።
ሦስት ሺህ ሜትር። ሰባት ዙር ተኩል።
ተኩሱ ጮኸ፤ አንዱ ዙር፣ ሁለቱ፣
ከዚያ መቁጠሩ ጠፋብኝ፣ ተምታታ ስሌቱ፤
ደወሉ ሲደወል ነው የባነንኩ።
የመጨረሻዋ መታጠፊያ ከክፍሌ ትክክል በላይ ናት።
ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ።

ልነሳ ስል ግራ እግሬ እምቢ አለኝ።
ጎንበስ ብዬ ዳሰስኩት፦ የገዛ ባቴ
ድንጋይ ሆኖ፣ ተቋጥሮ፣
ለእጄ ሁሉን ይናገራል።
በባዶው ክፍል፣ ጠረጴዛውን ተደገፍኩና
"ደኅና ነኝ" አልኩ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ገና።